በእትዬ ደብሪቱ ጓዳ የተጠራው አውጫጭኝ

ተረት ተረት! ደግሞ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላሟ ተሸጣ ፍሪጅ ተገዝቶባታል፤ በረቱም ጓዳ ሆኗል። እናንተ ጆሯችሁን ብቻ ወዲህ በሉልኝ።

በድሮ ጊዜ ነው። ድሮ ስላችሁ ያ ሩቁ ድሮ እንዳይመስላችሁ፤ ቆጣሪ ካርድ መጉረስ ከጀመረ ወዲህ ያለው ድሮ ነው። በዚያ ጊዜ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ላሟን የሸጡት እሳቸው ናቸው። ወተቱን ከጎረቤት እየገዙ፣ እርጎና አይብ እያደረጉ፣ ፍሪጅ ውስጥ እያቆዩ ይሸጣሉ። ሴትዮዋ ደግ ናቸው፤ ግን ቆንቋና ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም የምትሉ ካላችሁ፣ እትዬ ደብሪቱን አታውቋቸውም ማለት ነው።

ጓዳቸው መስኮት የለውም። በዚያ ጓዳ ውስጥ አንዲት አይጥ ትኖር ነበር፤ እመት አይጢት ይሏታል። ቤቷ ከፍሪጅ ጀርባ ነው። መቼም የፍሪጅን ጀርባ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ፊቷ በረዶ ነው፣ ጀርባዋ ምድጃ ነው። ከሆዷ ያወጣችውን ሙቀት የምትተፋው በጀርባዋ በኩል ነው። አይጢትም እዚያች ሙቀት ላይ ተለጥፋ «የሰው ልጅ ምን ቢደክም ለእኔ ነው» እያለች ትኖራለች።

አንድ ነገር ብቻ ያበሳጫት ነበር። ደህና ፍሪጅ ሁልጊዜ አትሠራም። ትሠራለች፣ ታርፋለች፤ ትሠራለች፣ ታርፋለች። ባረፈች ቁጥር ጀርባዋ ይቀዘቅዛል። ጀርባዋ ሲቀዘቅዝ አይጢት «እንዲህ ያለ ስንፍና አይቼ አላውቅም» ትላለች።

ክረምት ገባ። አይጢት አረገዘች። ለልጆቿ ለስላሳ መኝታ ፈለገች። ጨርቅ ፈለገች፣ አጣች። ጥጥ ፈለገች፣ አጣች። ዞር ዞር ስትል የፍሪጇ በር ሥር ለስላሳ ግራጫ ጎማ አየች፤ ያ በሩን ከአካሏ ጋር ግጥም አድርጎ የሚይዘው ጎማ። ቀመሰችው። መጥፎ አይደለም። ትንሽ ገዘገዘች፣ ወስዳ አነጠፈች። በማግስቱ ጀርባው ከወትሮው ሞቀ። «እንዴ!» አለች። ደግሞ ትንሽ ገዘገዘች። ደግሞ ሞቀ። ነገሩ ገባት። ጎማው ሲጎድል ብርዱ በቀዳዳው ይወጣል፤ ብርዱ ሲወጣ ፍሪጅ ማረፍ ትተዋለች፤ ፍሪጅ ማረፍ ስትተው የአይጢት ቤት ይሞቃል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! ከታች ያለውን ጎማ ዳር እስከ ዳር ላፈችው።

ሦስት ልጆች ወለደች፤ ራቁታቸውን፣ ሮዝ ሮዝ የሚሉ።

እመት ፍሪጅ የዋህ ናት። በሯን ዞራ ማየት አትችልም፤ ስለዚህ ምን እንደሆነች አታውቅም። እየተነፈሰች እንዲህ አለች፦

«ውይ ልጄ! ሰሞኑን ደከመኝ። ስሠራ እውላለሁ፣ ስሠራ አድራለሁ፤ ሆዴ ግን አልቀዘቅዝ አለኝ። ምን ሆኜ ይሆን?»

«እርጅና ነው እናቴ» አለች አይጢት፤ አፏ ጎማ እንደሞላ።

«ይሆናል። ልጆቹስ ሞቃቸው?»

«ሞቃቸው እናቴ። እግዜር ይስጥሽ።»

«ይሙቃቸው፤ የልጅ ልጆቼ አይደሉ!» አለችና ሞተሯን አስነስታ እርርር ማለቷን ቀጠለች።

ታዲያ ምን ሆነ? ካርዱ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። እርጎው ሞቀ፣ አይቡ ሸተተ፣ ደንበኛ ተቆጣ። እትዬ ደብሪቱ ጓዳ ገብተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ዕቃ ሁሉ እየሰማቸው እንዲህ አሉ፦

«እናንተ በላተኞች! ስሙኝ! ይሄ ካርድ ወሩን ካላደረሰኝ አንዳችሁንም አላስቀርም። ጠራርጌ ለቆራሌ ነው የምሰጣችሁ! እኔ እንደሆንኩ በፋኖስ ነው ያደግሁት፤ አልሞትኩም!» ብለው ዘንቢላቸውን ይዘው ገበያ ሄዱ።

ቆራሌውንም ታውቁታላችሁ፤ ያ ከረጢቱን በጫንቃው አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ በየደጁ የሚያልፈው። ሰው ሲሰማው ያረጀ ብረት ያስባል። ዕቃ ሲሰማው ግን ሞቱን ያስባል።

ቤቱ ተሸበረ። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለው አያ ቆጣሪ ቀይ ዓይኑን ብልጭ ድርግም አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። አያ ቆጣሪ ኩሩ ነው። ተሳስቶ አያውቅም፤ አለመሳሳቱንም ሳይናገር ውሎ አያውቅም።

«አውጫጭኝ ጠርቻለሁ!» አለ።

አውጫጭኝ የማታውቁ ልጆች ካላችሁ ልንገራችሁ። ድሮ ከብት ሲሰረቅ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ከሜዳው አይነቃነቅም፤ ራብም ይሁን ዝናብ። ያየ ሰው ይናገራል። ስሙ እንዳይጠራ የፈራ ደግሞ በዳኛው ጆሮ ሹክ ይላል፤ ዳኛውም «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ ማን እንደነገረው አያወጣም። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሥርዓቱ ነው።

ሁሉም ተሰበሰቡ። አምፖል ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣ ቴሌቪዥን ከሳሎን በበሩ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ እመት ካውያ ጠረጴዛዋ ላይ ቆማ፣ እመት ፍሪጅ እያቃሰተች። እመት ውሮ፣ ድመቲቱ፣ ዘብ ሆና በሩ ላይ ተጋደመች።

«ስንት እንደተበላ አውቃለሁ» አለ አያ ቆጣሪ። «አንዲት ፍርፋሪ አታመልጠኝም። ማን እንደበላ ግን አላውቅም። እኔ አፍ አላይም፤ ጉርሻ ነው የምቆጥረው። ስለዚህ ያያችሁ ተናገሩ። በላተኛ ተብሎ የተፈረደበት ነገ ጠዋት እትዬ ሲያስነሡት አልሠራም፣ እንቢ ይበል። ሲሞት እትዬ ለቆራሌ ይሰጡታል፤ ሌሎቻችን እንድናለን።»

አይጢት ከፍሪጅ ጀርባ ሆና ሁሉን ሰማች። በላተኛ ፍለጋው ከቀጠለ ወደ ፍሪጅ ይመጣል። ፍሪጅ ከሄደች ሙቀቱ ይሄዳል፤ ልጆቿ ገና ፀጉር አላወጡም። ስለዚህ በሽቦው ተንጠላጥላ ወጣችና በአያ ቆጣሪ ጆሮ ሹክ አለችው።

«ወፍ ነገረችኝ!» አለ አያ ቆጣሪ። «ወፏ እንዲህ ትላለች፦ 'ሂሳቡ ስሙ ማን ነው? የመብራት አይደለም እንዴ! የፍሪጅ ሲባል የሰማ አለ? በሰፈሩ ሁሉ ተከራይ የሚከፍለው በአምፖል ቁጥር ነው። አገር የሚያውቀውን እኛ ምን እንመረምራለን?'»

«ኧረ ስለ እግዚአብሔር!» አለ አምፖል። «እኔ ቆጣቢ ነኝ! ካርቶኔ ላይ ተጽፏል! እመት ካውያ አንድ ጋቢ ተኩሳ እስክትጨርስ የምትውጠውን፣ እኔ ሳበራ ውዬ ሳበራ ባድር አልጨርሰውም። የሚያሞቅ ይበላል፤ የሚያበራ ይቀምሳል።»

«ሲበላ የሚታየው ግን ማን ነው?» አለ ቴሌቪዥን።

«እሱ ነው!» አሉ ሁሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ስም ባለመጠራቱ ደስ ብሎት።

ተፈረደበት። በማግስቱ እትዬ ደብሪቱ ካርድ ሞልተው ማብሪያውን ቀጭ ቢያደርጉ፣ ቋ ቢያደርጉ፣ አምፖል ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ። «በላተኛው አንተ ነበርክ!» ብለው ነቅለው ለቆራሌ ሰጡት። ሌላም አልገዙም። «ጓዳ ውስጥ ምን አነባለሁ? በዳበሳ እገባለሁ» አሉ። ገብተውም በመጀመሪያው ቀን የእርጎውን ቅል ረገጡት።

አይጢት ሣቀች። ሣቋ ግን አልቆየም። አምፖሉ በነበረ ጊዜ እመት ውሮ ስትመጣ ጥላዋ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይመጣ ነበር። ጆሮ ይታያል፤ አይጢት ትሮጣለች። አሁን ጨለማ ነው። አይብ ፍለጋ ብቅ ስትል ጢሟ ሌላ ጢም ነካ። እንዴት እንደተረፈች እሷም አታውቅም። ሮጣ ከጎማዋ ላይ ወደቀች።

ካርዱ ደግሞ ተሞላ። ካርዱ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ።

«በላተኛው ሌላ ነው!» አለ አያ ቆጣሪ። እትዬ ገበያ ሲወጡ ሁለተኛው አውጫጭኝ ተጠራ። አይጢትም ሁለተኛ በሽቦው ወጣች።

«ወፍ ነገረችኝ! ወፏ እንዲህ ትላለች፦ 'ቴሌቪዥን ከተኛም በኋላ ቀይ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም። ተኝቶ የሚበላ ከሆነ ነቅቶማ ምን ያህል ይበላል?'»

«እኔ?» አለ ቴሌቪዥን፤ ድምፁ ሳይቀነስ። «እውነት ነው፣ ተኝቼ እቀምሳለሁ፤ ጥራጊ ናት። እትዬ ከሶኬቱ ቢነቅሉኝ እሷም ትቀራለች። ግን ጥራጊ ካርድ ይጨርሳል?»

«ባለፈው 'ሲበላ የሚታየው ማን ነው' ያልከው አንተ አይደለህም?» አለች ካውያ።

ቴሌቪዥንም ተፈረደበት። በማግስቱ ድራማው ሊጀምር ሲል ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ደብሪቱ በጥፊ መቱት፣ በጎኑ መቱት፣ አናቱን መቱት፤ አልተነሣም። ቆራሌው አቅፎት ሲሄድ እትዬ እንባ እንባ አላቸው፤ ድራማው ውስጥ ያለችው ልጅ ልታገባ ሁለት ቀን ነበር የቀራት።

ቤቱ ጭር አለ። አይጢት አንዲት የደረቀች የዳቦ ቅርፊት አግኝታ ቆርጠም ስታደርግ፣ «ቆርጠም» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ለካ እስከ ዛሬ የምትበላው በቴሌቪዥኑ ጫጫታ ተከልላ ነበር! እመት ውሮ ጆሮዋን ወዲህ አዞረች፤ አንድ እግሯን አነሣች፤ ዘለለች። አይጢት ዳቦውን ጥላ ሮጠች። ከዚያ ቀን ወዲያ በጥርሷ መብላት ትታ እየጠባች ትበላ ጀመር።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ የከሳሽው?» አለች እመት ፍሪጅ።

«ጾም ነው እናቴ» አለች አይጢት።

ካርዱ ደግሞ ተሞላ። ካርዱ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። ሦስተኛው አውጫጭኝ ተጠራ፤ አይጢት ሦስተኛ በሽቦው ወጣች።

«ወፍ ነገረችኝ! 'እመት ካውያ ስትበላ የአያ ቆጣሪ ዓይን እንዴት እንደሚርገበገብ ያላየ አለ?' ትላለች ወፏ።»

«እውነቷን ነው» አለ አያ ቆጣሪ ራሱ። «ካውያ ስትበላ ያዞረኛል።»

እመት ካውያ ሌላ ናት፤ ፊት ለፊት ተናጋሪ። «እበላለሁ!» አለች። «ምን አፍራለሁ? እንዲያውም ከሁላችሁ የምበልጥ በላተኛ እኔ ነኝ። ግን እኔ በሳምንት አንድ ቀን ማዕድ እቀርባለሁ፣ እበላለሁ፣ እነሣለሁ። እትዬ ልብሱን አከማችተው ባንድ ጊዜ ነው የሚተኩሱብኝ። እናንተ የጉርሻዋን ትልቀት ነው የምታዩት። እስቲ ከማዕድ የማይነሣውን ፈልጉ! ትንሽ እየበላ የማይነሣ፣ ብዙ በልቶ ከሚነሣ ይብሳል።»

ይህን ስትል አይጢት ከሽቦው ሹልክ ብላ ወደ ፍሪጅ ጀርባ ተመለሰች። ደግነቱ ማንም አልሰማም። ሸንጎ መቼ ረጅም ንግግር ሰምቶ ያውቃል?

«'እበላለሁ' አለች!» ብላ እመት ውሮ ከበሩ ተነሣች። «በገዛ አፏ አመነች፤ ምን ቀረ?» ውሮ ቂም አለባት። አንድ ጊዜ ካውያዋን በአፍንጫዋ አሽትታ ተጠብሳለች፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ጠረጴዛ ዝር ብላ አታውቅም።

እውነት የተናገረችው ካውያ በእውነቷ ተፈረደባት። በማግስቱ ቀዝቅዛ ቀረች፤ ቆራሌው በከረጢቱ ጨመራት። እትዬ ደብሪቱ በተጨማደደ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከኋላ ቆመው መጡ።

አሁን ደግሞ የካውያዋ ጠረጴዛ የት ነው ያለው? ከፍሪጇ አጠገብ ነው። ካውያዋ እያለች ውሮ አትደርስበትም ነበር። አሁን ውሮ ተዘርግታ ተኛችበት። አይጢት አንገቷን ብቅ ባደረገች ቁጥር ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ያዩአታል።

«እንደምን ዋልሽ እመት አይጢት» ትላለች ውሮ። «ልጆች እንዴት ናቸው? ወፈሩልሽ?»

ካርዱ አራተኛ ተሞላ። አሁን በቤቱ የቀረ በላተኛ አንድ ብቻ ነው። ጓዳው ጨለማ ነው፤ ሳሎኑ ጭር ያለ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፦ እርርርር። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ የአያ ቆጣሪ ቀይ ዓይን፤ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

አያ ቆጣሪ አዳመጠ። ጠዋት አዳመጠ፤ እርርርር። ቀትር ላይ አዳመጠ፤ እርርርር። ማታ አዳመጠ፤ እርርርር። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠም። ካርዱ ወሩ ሳይጋመስ ሲያልቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

«እመት ፍሪጅ» አለ። «ሌላው ሁሉ ሄዷል። እኔም መቁጠሬን አላቆምኩም። ከማዕድ የማትነሺው አንቺ ነሽ።»

እመት ፍሪጅ ብዙ አልተከራከረችም። «እኔ ነኝ እንግዲህ» አለች። «ለማረፍ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አርጅቻለሁ መሰለኝ። እነዚያ ሦስቱ በእኔ ጦስ ከሄዱ፣ እኔስ ብሄድ ምን አለበት? ነገ ጠዋት እንቢ እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን፤ ከጀርባዬ ሕፃናት አሉ፤ እስኪጠነክሩ ሙቅ ቦታ ፈልጉላቸው።»

አይጢት ይህን ሰማች። ሐፍረት ያዛት። በሕይወቷ ሐፍረት ይዟት ስለማያውቅ መጀመሪያ የሆድ ቁርጠት መሰላት። እናም ደግሞ ፈራች፤ ፍሪጅ ከቀዘቀዘች ልጆቿ ይቀዘቅዛሉ፤ ፍሪጅ ከተጎተተች ጀርባዋ ይገለጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያቺ አለች። ሦስት ጊዜ በስውር ሽቦ የወጣችው አይጥ፣ በሸንጎ ላይ አደን የለምና፣ አሁን በግላጭ ወጥታ መሬቱ መሀል ቆመች።

«አያ ቆጣሪ!» አለች። «እውነቱን ልናገር። ፍሪጅ ጤነኛ ናት። የበሯን ጎማ እኔ በልቼባት ነው። ብርዱ በሥር ይወጣባታል፤ ብትሠራ ብትሠራ ሆዷ አልቀዘቅዝ ያላት ለዚህ ነው። ጎማዋ ቢቀየር እንደ ድሮዋ ትሠራለች፣ ታርፋለች። አምፖልም፣ ቴሌቪዥንም፣ ካውያም ጥፋት አልነበረባቸውም። ወፏ እኔ ነበርኩ።»

አያ ቆጣሪ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ።

«ምስክር አለሽ?» አለ።

«አዎ! ስገዘግዝ አምፖል ከላይ ያየኝ ነበር፤ ምን እንደሚያመጣ አልገባውም እንጂ።»

«አምፖል ለቆራሌ ተሰጥቷል።»

«ካውያም አይታኛለች፤ ጠረጴዛዋ ከፍሪጇ አጠገብ ነው።»

«ካውያ ለቆራሌ ተሰጥታለች።»

«ቴሌቪዥን... ቴሌቪዥን ደግሞ ስለ ፍሪጅ በር ጎማ ያወራ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'በሩ ግጥም ብሎ መዘጋቱን አረጋግጡ' ይል ነበር!»

«ቴሌቪዥንም ለቆራሌ ተሰጥቷል» አለ አያ ቆጣሪ። «ሦስት ጊዜ ወፍ ሆነሽ መጣሽ፤ ሦስት ጊዜ አመንኩሽ፤ ሦስት ጊዜ ዋሸሽ። አሁን እውነት ብትናገሪ በምን ለይቼ አውቃለሁ? እኔ ጉርሻ ነው የምቆጥረው፤ እውነት አልቆጥርም።»

«በሩን ማየት ነው! አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የበሩን ሥር ይይ!»

«እኔ ግድግዳ ላይ ነኝ» አለ አያ ቆጣሪ።

«እኔ ልይ» አለች እመት ውሮ። ከጠረጴዛው በቀስታ ወረደች። የፍሪጇን በር ሥር አየች፤ የተበላውን ጎማ አየች፤ ብርዱ አፍንጫዋን ሲነካት ተሰማት። ከዚያ ደግሞ ከጀርባ በኩል የሦስት ሕፃናት ሽታ መጣላት። ፍሪጅ ከቦታዋ ካልተነሣች ከጀርባዋ ያለው ቀጭን ክፍተት ውሮን አያስገባትም። ምላሷን በጢሟ ላይ አዞረች።

«ምንም የለም» አለች ውሮ። «ደህና ጎማ ነው። ደግሞስ አይጥ መቼ እውነት ተናግራ ታውቃለች?»

«እናቴ!» ብላ ጮኸች አይጢት ወደ ፍሪጅ። «አትሙቺ! ልጆቹ!»

«አይ ልጄ» አለች እመት ፍሪጅ። «እኔን ለማዳን ብለሽ በራስሽ ላይ መዋሸትሽን አየሁልሽ። እግዜር ይስጥሽ። ቃል ግን ቃል ነው።»

እውነቷን ስትናገር ያመናት የለም፤ ይባስ ብሎ እውነቷ እንደ ውሸት ተቆጥሮ ምርቃት ተሰጣት! ከዚህ የባሰ ቅጣት ካለ እኔ አላውቀውም።

ጠዋት እትዬ ካርድ ሞሉ፤ እመት ፍሪጅ ግን ዝም አለች። እትዬ ደብሪቱ በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፤ ከፈቱ፣ ዘጉ። ጎንበስ ብለው የበሩን ሥር አላዩም፤ አምፖል የሌለው ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ቢሉስ ምን ያያሉ? «ጠጋኝ ብጠራ ለሱ የምሰጠው ለካርድ ይበቃኛል» አሉ። ቆራሌው ጋሪ ይዞ መጣ። ሁለት ሆነው ፍሪጇን ጎተቷት። ጀርባዋ ተገለጠ። ውሮ ዘለለች።

አይጢት ግን እናት ናት። ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያነሣች ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ወረወረቻቸው፤ ሦስተኛውን ስትወረውር ጭራዋ ከውሮ አፍ ውስጥ ገባ። ጎተተች፤ ውሮ ጎተተች፤ ጭራው ምርጫውን ከውሮ ጋር አደረገ። አይጢት ያለ ጭራ ስንጥቁ ውስጥ ገባች።

የእትዬ ደብሪቱ ካርድስ? ካርዱማ ወሩን ሞላ። ሁለት ወር ሞላ። ሦስት ወር ሞላ። አያ ቆጣሪ የሚቆጥረው አጥቶ ዓይኑ ቦዘዘ። እርጎ የለም፣ አይብ የለም፣ ደንበኛ የለም። እትዬ ግን ፋኖሳቸውን ይዘው በየጎረቤቱ ይዞራሉ፦ «ካርዴ እኮ ሦስት ወር ቆየ! ስቆጥብ አይታችሁኛል?»

«ጎበዝ!» አለቻቸው አንዷ ጎረቤት። «ቆጣሪውንም ብትነቅይው ደግሞ ዕድሜ ልክ ይቆይልሽ ነበር።»

ፍሪጇን ደግሞ ጭማቂ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ከቆራሌው ገዛቻት። በብርሃን አየቻት፤ አዲስ ጎማ አለበሰቻት። ያው ጎማ ብቻ ነው። እመት ፍሪጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሠራለች፣ ታርፋለች፤ ትሠራለች፣ ታርፋለች። ይህን ወሬ ለአይጢት ያመጣላት በስንጥቁ የሚያልፍ ጉንዳን ነው።

በስንጥቁ ውስጥ ብርድ ነው። ሦስቱ ልጆች እናታቸው ሆድ ሥር ተኮራምተዋል። ትንሹ አንገቱን አወጣና እንዲህ አላት፦

«እማ፣ ያ ሙቀታችን የት ሄደ? ማን በላው?»

አይጢት አፏን ከፈተች። አፏ ለምዶባት «አምፖሉ» ልትል ነበር። ከዚያ የልጁን መንቀጥቀጥ አየች።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

ትንሹም አመናት። እውነት ስትናገር ያመናት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሊያሞቃት አልቻለም።

እንግዲህ ልጆች፣ ቀዳዳውን ትቶ በላተኛ ያሳደደ፣ ካርዱ ሞልቶ ቤቱ ጎደለ ማለት ይህ ነው። ተረቴን ወሰዳችሁ፤ ዳቦ ይሰጠኝ አልልም፣ ጥርስ የለኝም፤ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ ያለው ግን ዝም ብሎ እንዳይሄድ።